የጓሮው በር ጎማ

«ቀስ! ቀስ በይ፣ ጣቴ ከሥር ነው!»

ልጅቷ የመስታወቱን በር ጫፍ ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ተነፈሰች። በሌላኛው ጫፍ ፊቱ ቲማቲም የመሰለው አባቷ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስለነዳ ሰፈሩ ሁሉ «ማርሽ» የሚለው ጡረተኛ። በሩን እንደምንም ከሀዲዱ አላቀው ግድግዳ አስደገፉት። እናትየው ሶፋው ላይ ሆና፣ ቀኝ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያቸዋለች። ሻንጣዋ ተዘግቶ አጠገቧ ቆሟል።

እናትየው ከሦስት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲወጣላት ሐኪሙ ስለ ቤቷ ጠይቋት፣ «ወደ ጓሮ የሚያወጣውን ተንሸራታች በር በዚህ እጅዎ በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ ይክፈቱ፤ መዳንዎን እሱ ይነግርዎታል» አላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሥሩንም ከፈተች። ከዚያ ስድስት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት። ባለፈው ሳምንት በሩ ጨርሶ አልነቃነቅ ሲላት፣ «በቃ፣ እጄ ሞቷል» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ማንኪያ እንኳ የምታነሳው በግራዋ ነው። ለባሌ ሸክም አልሆንም ብላ ልጇ ቤት ልትገባ ቆረጠች። ማርሽ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ፤ ሰሚ አላገኘም።

ዛሬ ጠዋት ልጅቷ እናቷን ልትወስድ መጣች። ቤቱ ታፈነባትና የጓሮውን በር ልትከፍት ብትገፋው ወይ ፍንክች። እግሯን ተክላ በሁለት እጇ ብትገፋውም ያው ነው።

«አባዬ፣ ይሄን በር ሰው ነው የሚከፍተው?»

«እኔ በየቀኑ እከፍተዋለሁ እኮ።»

«በምንህ?»

ማርሽ አሰብ አደረገ። «በትከሻዬ» አለ በሩን እያየ።

አሁን በሩ ተነቅሎ ሲታይ፣ ከሥሩ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጎማዎች አልቀዋል፤ አንደኛውማ ጠፍጣፋ ሆኗል። ዙሪያቸውን ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ሞልቶታል። ልጅቷ በጣቷ ነካችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ግራሶ» አለ ማርሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሩ ሲጮህ ጊዜ ትንሽ ቀባሁት።»

«ትንሽ?»

«በየሳምንቱ።»

የሚጮህ አውቶቡስ ግራሶ ይቀባል፤ ማርሽ ሌላ መድኃኒት አያውቅም። ሚስቱ ስትለማመድ እንዳይከብዳት ብሎ የቀባው ግራሶ የጓሮውን አቧራና አሸዋ ሁሉ ሰብስቦ ጎማውን እንደ ሞረድ በላው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። ማርሽ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። ያለቀውን ጎማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ዕቃ መሸጫው ገሰገሰ።

ባለሱቁ ጎማውን አገላብጦ አየው። «ጋሼ፣ ይሄን ማን አኘከው?»

«እኔ ነኝ። ጥንዱን አምጣ፣ ወሬ አታብዛ።»

«አዲሱን ደግሞ ግራሶ እንዳያስነኩት። ሀዲዱን በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ብቻ ነው።»

«ሰማሁ አልኩህ!»

ቤት ተመልሶ ሀዲዱን በቢላዋ ፋቀ፣ በጨርቅ ወለወለ፤ አዲሶቹን ጎማዎች በካቻቢቴ አሰረ። ከልጁ ጋር በሩን አንስተው ቦታው መለሱት።

«ነይ ሞክሪው» አላት ሚስቱን።

«አልሞክርም።»

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ።»

«እምቢ አልኩ! አዲሱም ካልተከፈተልኝስ? አሁን እንኳ በበሩ እያሳበብኩ ልጽናና።»

ማርሽ አጠገቧ ተንበረከከ። «ካልተከፈተልሽ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ አደርስሻለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ሚስቱ ተነሳች። ቀኝ መዳፏን እጀታው ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደለመደችው ባላት አቅም ሁሉ ገፋችው። በሩ ተፈትልኮ ዳር ደረሰና ጓ! አለ። ተከትላው ልትወድቅ ስትል ልጇ ወገቧን ያዘቻት። ዘጋችው፤ ከፈተችው። ሦስተኛው ላይ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

«እጄ አለ! ኧረ እጄ አለ!»

ማርሽ በደስታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቱ ላይ የከረመው ድንጋይ ወረደለት።

«አንተ ሰውዬ፣ በግራሶ ልታባርረኝ ነበር?»

«እንዲቀልሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አቤት ያንተ ማቅለል!» ብላ ሳቀች።

ማርሽ እየሳቀ ካቻቢቴውን አነሳ። «ቆይ፣ ይቺን የጎማውን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ባዞራት በአንድ ጣት ይከፈትልሻል።»

ቀኝ እጇን ሰዳ የእጁን አንጓ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ተወው። እንዲያውም ወደ ኋላ መልሰህ ትንሽ አክብደው፤ ነገ አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ።»

ማርሽ ብሎኑን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ መለሰው።