የሹፌሩ ካምቢዮ

መካኒኩ ከመኪናው ሥር በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣና መዳፉን ዘረጋ። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበታል።

«ካምቢዮው አልቋል፣ አባት። ዘይቱን የሚይዘው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ተቀዶ ዘይቱ ሲንጠባጠብ ነው የሰነበተው። በደረቁ ነው የነዱት። እንዴት አላዩትም?»

«በየማለዳው ጎንበስ ብዬ አያለሁ። መሬቱ ደረቅ ነበር» አለ ሹፌሩ።

አርባ ዓመት የሕዝብ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ሲወጣ ያረጀች አውቶቡስ ገዝቶ፣ ወንበሮቿን ነቅሎ፣ አልጋና ምድጃ ገጥሞ ቤት ያደረጋት በገዛ እጁ ነው። ካምቢዮው ከሁለት ቀን ወዲህ ሲያጉረመርም ሰምቷል። እሱ ራሱም ሲነሳ ሲቀመጥ ያጉረመርማልና እርጅና ነው ብሎ አለፈው።

«ልጁን አታድክመው» አለች ሚስቱ ከውስጥ፣ ከአልጋዋ። «እኔ ነኝ የደበቅሁብህ።»

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆመ።

«ዘይቱ ሲንጠባጠብ ካየሁ ወዲህ መሬቱን እንዳይነካ ማታ ማታ ከበሩ ላይ ሆኜ ካርቶን በመጥረጊያ እንጨት ወደ መኪናው ሥር እገፋለሁ። ጠዋት ጎንበስ ብለህ ሳታይ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ስቤ እጥለዋለሁ።»

«ለምን?»

«ካወቅህ ትመልሰኛለሃ። እህቴን ሳላይ ልሞት ነው።»

ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት አታልፍም ካለ ዘጠኝ ቀን ሆኗል። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መንገድ ስለማትችል እያዘገሙ እዚህ ደርሰዋል። የቀረው የአንድ ቀን መንገድ ነበር።

ሹፌሩ ከእህትየዋ ጋር ከተኳረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አማቱ የታመሙ ቀን ሐኪም ቤት እንዲያደርሳቸው ቢጠራ፣ ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ ጥዬ አልመጣም ብሎ ዘገየ፤ ሽማግሌው አረፉ። በቀብሩ ላይ እህትየዋ በሰው ፊት «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ» አለችው። እሱ ደጇን ላይረግጥ ማለ፤ እሷም እሱ ራሱ ካልጠራት ላትመጣ ማለች። ስለዚህ ለሚስቱ «በሯ ድረስ አደርስሻለሁ፤ እኔ ግን ከመኪናዬ አልወርድም» ብሏት ነበር የተነሱት። ሚስቱም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ስቃበታለች።

«መለዋወጫው እስኪመጣ ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲል መካኒኩን ጠየቀው።

«ቢፈጥን ስምንት ቀን። እናትን በሌላ መኪና ብንወስዳቸውስ? እኔ ጋ ፒክአፕ አለ፤ ፍራሽ እናነጥፋለን።»

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለች ሴትየዋ። «ከእንግዲህ መንገድ አልችልም። ትናንት የመጣሁትም ጥርሴን ነክሼ ነው።»

መካኒኩ አንገቱን ደፋና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣት ፈልጎ ቁጣው አልመጣለት አለ። ሕመሟ አላስተኛ ብሏት እየተቃተተች፣ በዚያ በቀጨጨ ክንዷ ካርቶን ስትገፋ ታየውና ሆዱ ባባ። ይህን ሁሉ ያደረገችው እሱን ፈርታ ነው። አርባ አራት ዓመት አብሯት ኖሮ እንዲህ መፈራቱ አሳፈረው።

«ተቀየምከኝ?» አለችው።

«መኪና ነው፤ ይሠራል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ስትዋሽ አፍንጫህ ይቀላል።» ልትስቅ ሞክራ ሳል አቋረጣት። ውሃ አጠጣት፤ ሁለት ጊዜ ተጎንጭታ ኩባያውን መለሰችለት። ከዚያ ከትራሷ ሥር ስልኳን አወጣች።

«እኔው እደውልላታለሁ። ነይ ብሎ ሊጠራሽ አስቦ ሥራ ይዞት ነው እላታለሁ። እዋሽልሃለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

ቁጥሩን መፈለግ ጀመረች። ሹፌሩ ስልኩን ከእጇ ወሰደና ራሱ ደወለ። ብዙ ጠራ።

«ሄሎ፣ እህቴ?» አለች የእህትየዋ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አለ ሹፌሩ። «መድረስ አቅቶኝ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። እባክሽ አንቺ ነይልን።»