ማንም ያላጠመደባት ክብ

ለሰው ዘር በሙሉ በታላቅ ክብር ይነገር፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በቲቦረን ወደብ ከዓሣ ጨረታው አዳራሽ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ በኮምፒውተር ካርታ ላይ የነበረች አንዲት ቢጫ ነጥብ አረንጓዴ ሆነች።

ቀለሟን የቀየረችው ቦዲል ክቪስት ናት። ሥራዋ ባሕር ላይ ለሚተከሉ የነፋስ ኃይል ማማዎች ቦታ መምረጥ ነው። ካርታው የዓሣ ጀልባዎች በሃያ ዓመት የተመላለሱበትን መንገድ በቀጫጭን መስመር ያሳያል። መስመሮቹ ባሕሩን እንደ ድር ሞልተውት፣ መሀል ላይ አንዲት ክብ ብቻ ባዶ ቀርታለች። ኮምፒውተሩ "ተቃዋሚ የለም" ብሎ ሙሉ ውጤት ሰጣት። ቦዲልም የማማዎቹን ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚሰበስበውን ጣቢያ እዚያው ላይ ጣል አደረገችው፤ ነጥቧም ይኸው ጣቢያ ናት።

"ከሰማይ የወረደ ቦታ!" አለ አለቃዋ ፕሬበን። "አርብ ትፈርሚያለሽ፣ ሰኞ ቆፋሪዎቹ ወደ ባሕር ይወጣሉ። ጣቢያው ከመሀል ከወጣ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ ይረዝምና ፕሮጀክቱ አያዋጣም። ያኔ እኔና አንቺ አብረን ሥራ ፍለጋ ነው።"

ደንቡ ከፊርማ በፊት ከባሕሩ ወለል አፈር ይዘገን ይላል። ሐሙስ ረፋድ ላይ በዓሣ አጥማጁ በቶርኪልድ ጀልባ ወጣች።

"እናንተ እዚያ የማታጠምዱት ለምንድን ነው?" ጠየቀችው።

"አንቺስ ሰው መኝታ ቤት ዘው ብለሽ የማትገቢው ለምንድን ነው?"

"የማን መኝታ ቤት?"

"ቀልዴን ነው።" ፊቱ ላይ ግን ሳቅ የለም።

ከክቧ ጠርዝ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በጥቁር ዳቦ ይበሉ የነበሩት ሁለቱ ረዳቶቹም ማኘካቸውን ትተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጀልባዋ በራሷ እየተንሳፈፈች ገባች። ጠዋቱን ሙሉ ሲንጣጣ የነበረው የጀልባዋ ባንዲራ ተኮማትሮ ወደቀ። ከኋላቸው ማዕበሉ ነጭ አረፋ እያነሳ ሲሰባበር ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም።

የጥልቀት መለኪያው ሠላሳ አንድ ሜትር፣ ለጥ ያለ አሸዋ አለ። ቦዲል የብረት መዝገኛውን በገመድ ለቀቀች፣ ወለሉን ሲነካ ጎትታ አወጣችው። ገመዱ ውኃ ያንጠባጥባል። መዝገኛውን መዳፏ ላይ ስትከፍተው የወጣው አሸዋ ግን ደረቅ ነው። ይሞቃልም፤ ሰው አሁን ከላዩ እንደተነሳለት አልጋ።

"መልሺው፣" አለ ቶርኪልድ በሹክሹክታ።

"ናሙና እኮ ነው!"

"መልሺው አልኩሽ፣ ባለቤቱ ፍለጋ ሳይወጣ!"

መለኪያው ሃያ ስምንት አለ። ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም። ሃያ አራት። አሥራ ዘጠኝ። ከበታቻቸው የባሕሩ ወለል እየተነሳ ነው። አሥራ ሁለት ሲል ቦዲል በሁለት እጇ አሸዋውን ወደ ባሕሩ በተነችው፤ በጥፍሮቿ ሥር የቀረውንም አንድ ባንድ እየፈለፈለች ጣለች። ቁጥሩ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ሠላሳ አንድ ወረደ።

አርብ ጠዋት ነጥቧ ቀይ ነበረች።

"ወለሉ ላይ ምን አገኘሽ?" አለ ፕሬበን፣ ሪፖርቱን እያገላበጠ።

"አሸዋ።"

"አሸዋማ ከሆነ እሰየው ነዋ! ታዲያ 'አይተከልም' ምን ማለት ነው? የምክንያቱ ቦታ ባዶ ነው እኮ!"

"ባዶ ይሁን።"

"ቦዲል፣ እንጀራችንን ነው የዘጋሽው። ቢያንስ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።"

"አልነግርህም፣" አለች።