ከዳዶው ሥር ያለው ቀለም

በጋራዦቹ መንደር ከጋሽ ልኬት ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ጎሚስታ ናቸው፤ የጠባቸውም ምክንያት ሁሌ አንድ ነው፦ የጎማ ማሰሪያ ዳዶ። አንዱ መፍቻው ላይ ቆሞ እየዘለለ ሲያጠብቅ ካዩ ደማቸው ይፈላል።

«መጥበቁን በምን አወቅህ?»

«በእጄ።»

«እጅህ ቁጥር ያውቃል? ካላላኸው ጎማው ይወልቃል፤ ከልክ በላይ ካጠበቅኸው ቡሎኑ ተስቦ መንገድ ላይ ይበጠሳል። ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት ሄደህ ‹እጄ እኮ ነው የነገረኝ› ልትል ነው?»

እሳቸው መለኪያ ያለው ረጅም መፍቻ አላቸው። ቁጥሩን ይሞሉታል፤ ዳዶው ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ከልጃቸው በቀር ማንም አይነካውም።

ልጃቸው ባለ ስምንት ዳዶ ትልቅ ፒክአፕ ላይ ጄኔሬተር እየጫነች ታመላልሳለች። ዛሬ ጠዋት አራቱንም ጎማ ራሳቸው አሰሩላት። አንዱን ዳዶ ከፊት ለፊቱ ካለው እያፈራረቁ በመስቀለኛ፣ መለኪያው መቶ ዘጠና ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ቀጭ።

«ሰማንያ ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ቁሚና እንደገና ፈትሺው።»

«አባዬ፣ ይሄን ሳልወለድም የነገርከኝ ይመስለኛል» ብላ ሞተሩን አስነሳች።

ከሄደች በኋላ ጋሽ ልኬት መፍቻውን ሊወለውሉ ተቀመጡ። ጨርቁን የመፍቻው አፍ ውስጥ ሲያስገቡ ቀይ ፍርፋሪ ወጣ። በጣታቸው አሹት። ቀለም ነው።

ትናንት ማታ ደስ ይበላት ብለው አራቱንም ቸርኬ ቀይ ቀለም ሁለቴ ደራርበው ቀብተውታል። ዳዶው የሚያርፍበትን ቦታ ሳይቀር! መፍቻው ቀጭ ያለው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነበር። መኪናው ሲሄድ ቀለሙ ይደቃል፣ ቀለሙ በደቀቀ ቁጥር ዳዶው ይላላል። ይህን ለሌላው ስንት ዓመት ሲሰብኩ ኖረዋል።

ስልክ ደወሉ። አታነሳም። አሁንም ደወሉ። እንዴት ታነሳለች? «ስትነጂ ስልክ ካነሳሽ ልጄ አይደለሽም» ያሏት እሳቸው አይደሉም? ከሃምሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ያ ቁልቁለት አለ። ጄኔሬተሩ ከኋላ እየገፋት።

ጎረቤታቸው ወደሆነው በያጅ ሮጡ።

«ሞተርህን ስጠኝ!»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጎማ ሊወልቅ ነው።»

«የትኛው ባለጌ ነው ደግሞ በእጁ ያሰረው?» በያጁ ሳቀ።

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ!»

መፍቻውን በጀርባቸው አስረው፣ እፍኝ ዳዶ ኪሳቸው ከተው ወጡ። ሞተር ከነዱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ሃያኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰዎች መንገድ ዳር ተሰብስበው ሲያዩ ፍሬን ያዙ፤ አውቶቡስ ሰው እያወረደ ነው። ሠላሳኛው ላይ ምንም። አርባኛው ላይ ምንም። «ቁሚ፣ ቁሚ፣ ቁሚ» እያሉ ነዱ፤ ለማን እንደሚናገሩ አያውቁም።

አርባ ስድስተኛው ላይ ፒክአፑ ዳር ይዞ ቆሟል። ልጃቸው የፊት ግራ ጎማ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ሁለት ዳዶ የለም፤ የቀሩት በጣት ይዞራሉ። ተመስገን ማለት ሲገባቸው ጮኹባት።

«ሰማንያ አላልኩሽም?»

«መሪው ሰማንያ አልጠበቀማ! ተንቀጠቀጠ፣ ቆምኩ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በእጄ።»

እሷ መፍቻዋን አንስታ ልታጠብቅ ስትል እጇን ያዟት።

«ተይው። ደግመሽ ብታጠብቂውም ይላላል። ከሥሩ ቀለም አለ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን አልክ? መኪና ሲያልፍ አልሰማሁህም።»

ያለፈ መኪና አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኩሽ!»

«እሺ አባዬ፣ አትቆጣ። ሁለተኛውንም ሰምቻለሁ።»

ክሪክ አስገብተው ጎማዎቹን ተራ በተራ አወረዱ። የቡሎኖቹን ጥርስ አንድ በአንድ መረመሩ፤ ደህና ናቸው። ያንን የሚያምር ቀይ ቀለም ዳዶው ከሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በቢላ ፋቁት። የጎደሉትን ከኪሳቸው ሞሉ። ከዚያ መፍቻውን ለእሷ ሰጧትና ጆሯቸውን ቀስረው ቆሙ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ቀጭ።

«አሁን ወደ ቤት ተመለስ፤ በያጁ ሞተሩን ይፈልጋል።»

«ይፈልጋ!»

ከኋላዋ ተከተሏት። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ዓይናቸው ከግራው ጎማ አልተነቀለም። ከታች ሜዳው ላይ ሳይነግሯት ፍሬቻ አብርታ ቆመች፤ መፍቻውን ተቀብላ ሁሉንም ፈተሸች። አንድም ዳዶ ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው! አሁንስ አመንክ?»

«አመንኩ» አሉና መፍቻውን ከእጇ ወስደው ከመጀመሪያው ጎማ እንደገና ጀመሩ።