የሁሴኖ ጥርስ

«ጥርሱ ምን ይመስል ነበር?»

አስናቀ ይህን የጠየቀው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ባሏ የሞተባትን ዙቤዳን ነው። አስናቀ የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ከሸዋ ተመድቦ አሰላ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ከተማው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አያርምም።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው አቦ!» አሉ የዙቤዳ አክስት አዴ ሰኪና። «ሰው ሊያጽናና የመጣ እንዲህ ይላል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ። ሳልቸገር አልጠይቅም።»

ችግሩን ሁሉም ያውቀዋል። ከትናንት በስቲያ ከአቦምሳ ላምባ ጭኖ ሲመጣ የነበረ መኪና ዳገቱ ላይ ተገልብጦ ተቃጠለ። ውስጡ የነበሩት ሾፌሩ ፍሰሐና የዙቤዳ ባል ሁሴኖ ናቸው። ሁለት ሬሳ ወጣ፤ ቁመታቸው እኩል፣ ልብሳቸው አመድ። አንዱ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለበት፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጠፋ። ሁሴኖ በሞተበት ቀን መቀበር ሲገባው ይኸው ሁለት ሌሊት አደረ። ሽማግሌዎቹ ቢጨንቃቸው ሁለቱንም አንድ ሜዳ ላይ ቀብረን ሼሁም ቄሱም ይጸልዩ አሉ። ዙቤዳ እምቢ አለች። የራሷን ሰው ለይታ ካልቀበረች መቼም ዕረፍት እንደማይኖራት አውቃለች። እስካሁንም እንባ አልወጣትም፤ ጎረቤቶቿ ይህንንም ታዝበዋል።

«ፊታቸው አይለይም» አለ አስናቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የፊት ጥርሳቸውንም እሳት በልቶታል። የመንጋጋ ጥርስን ግን ጉንጭ ይሸፍነዋል። የሁለቱም ደህና ነው።»

ዙቤዳ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ቡናማ ነበር» አለች። በሰው ፊት መናገሯ አሳፍሯታል።

ሁሴኖ አሰላ የመጣው ከዝዋይ በኩል፣ ከቆላው ነው። ሲመጣ ዕድሜው ሃያ ነበር፤ እናት አባቱ ሞተዋል። የደጋው ሰው ጥርሱን ሲያይ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ትምባሆ ያኝካል ብሎ ፈረደ። ዙቤዳም ካገባችው በኋላ ከከተማው ጋር አብራ ፈረደች። ኪሱን ትፈትሻለች፣ ጋቢውን ታሸታለች። ሎሚና አመድ ደባልቃ ትሰጠዋለች፤ እሱም ድዱ እስኪደማ ያሸዋል። «ወላሂ ዙቤዳ፣ በአፌ ዞሮ አያውቅም» ይላት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ማለለት፣ አሥራ አንድ ዓመት አላመነችውም። ደግሞ ሳቅ ይወዳል! ዲክሲስ በእህቷ ሠርግ ላይ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ጭኑን ቆነጠጠችው። ምን እንዳለችው ወዲያው ገባው። ከዚያ ወዲህ ዘመዶቿ ባሉበት ከንፈሩን ገጥሞ ነው የሚስቀው።

«ሲያሹት ይለቅ ነበር?» አለ አስናቀ።

«የት ይለቃል! በሎሚም በአመድም አልለቀቀም።»

«የላይኛውም የታችኛውም እንዲሁ ነበር?»

«ሁሉም።»

አስናቀ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያስ አገኘናቸው። የፍሰሐን ባለቤት ጠይቄ መጣሁ፤ የሱ ጥርስ ነጭ ነበር፣ የደጋ ልጅ ነው። ከሁለቱ የአንደኛው መንጋጋ ቡናማ ነው። የእርስዎ ባለቤት እሳቸው ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አዴ ሰኪና። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም ማለት አልቻሉም፤ «እንግዲህ ትምባሆውም ለአንድ ቀን ጠቀመ» አሉ።

«ትምባሆ አይደለም እናቴ» አለ አስናቀ እየተነሳ። «አሰላ ከመምጣቴ በፊት፣ እሳቸው ባደጉበት ቆላ ሁለት ዓመት ክትባት ስሰጥ ዞሬያለሁ። በዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ገና ሲበቅል እንዲህ ሆኖ ነው የሚበቅለው። የሰባት ዓመት ልጅ ትምባሆ ያኝካል?»

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለች ዙቤዳ።

«እሳቸው ናቸው፣ አይጠራጠሩ።»

«እሱን አይደለም። ትምባሆውን።»

አስናቀ ፊቷን አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። «ውሃው ነው» አላት። «ትምባሆ እንዲህ አያደርግም።»

ያን ጊዜ ዙቤዳ ጮኸች። ሁለት ቀን እምቢ ያላት እንባ ወረደ። ሴቶቹ ቀብሩ ቀረበና ባሰባት መሰላቸው፤ ከበው ያዟት። እሷ ግን የምታለቅሰው ለዚያ ለደማው ድድ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሬሳው በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ ቤት ገባ። በውሃ የሚታጠብ ገላ ስላልነበረው በአፈር ተይሙም አድርገውለታል። ሼህ ሀሰኖ በራፉ ላይ ቆመው ሚስት ሁሉ የምትጠየቀውን ጠየቋት።

«ዙቤዳ፣ ሁሴኖን አውፍ ብለሽዋል? ከልብሽ ይቅር ብለሽዋል?»

«እኔ ነኝ የበደልኩት» አለች።

«እሱን ለአላህ ንገሪው ልጄ። እኔ ያንቺን ቃል ነው የምፈልገው፤ ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነው።»

«ብዬዋለሁ።»

ወንዶቹ ቃሬዛውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ዙቤዳ ቀደመቻቸውና ተንበረከከች። በጨርቁ ላይ በጣቷ ፈልጋ ጉንጩ ያለበትን ቦታ አገኘችና መዳፏን አሳረፈችበት። ሼህ ሀሰኖ ፀሐይዋን አዩ፣ እሷን አዩ። ወንዶቹ የቃሬዛውን እንጨት እንደጨበጡ ጠበቋት።