ከጽድ ዛፉ ሥር የተቀበረችው ናሙና

ሐኪሙ ሲነግረኝ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። የአባቴ የጉሮሮ ካንሰር ከነማንቁርቱ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ይመለስ እንደሆነ ግን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የወጣው ሥጋ በሞለኪውል ደረጃ ተመርምሮ ምልክቱ ከተገኘበት አባቴ ጨረር ያስፈልገዋል፤ ካልተገኘበት ክትትል ይበቃዋል።

«ሰም ውስጥ የተያዘችውን የሥጋውን ናሙና ለእናትሽ ሰጥተናታል። ይዘሻት ነይ፤ አትዘግዪ» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አንኮበር ደረስኩ። እናቴ ዝናሽ ግቢ ውስጥ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ፣ ከሆስፒታል የሰጡሽ ናሙና የት አለች? ሰም ውስጥ ያለችው።»

«እሷማ ተቀብራለች።»

«ተቀብራለች?» አልኩ።

«ምን ላድርጋት ታዲያ? የክርስቲያን ሥጋ ከልብስ ጋር ሣጥን ውስጥ ላስቀምጥ? መምሬ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ያስቀበሩልኝ።»

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው፤ ድምፅ የለውም። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እኛ እናነባለን።

«ሳልሞት በከፊል ቀበረችኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ምስሩ አዙራ።

መምሬን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘናቸው። እናቴ ቀደመችኝ። «ይቺ ልጅ ልትቆፍር ነው የመጣችው» ብላ ከሰሰችኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። መሬት መሬቱን እያየሁ ባጭሩ አስረዳኋቸው።

«ባለቤቱ ምን ይላል?» አሉ መምሬ።

«የምኑ ባለቤት?» አለች እናቴ።

«የሥጋው ነዋ።»

አባቴ እያረፈ ከኋላችን ደረሰ። ወደ ጽዱ በከዘራው አመለከተና «ቆፍሩ» አለ።

«ኋላ በትንሣኤ ጎደሎ ሆኖ ቢነሣስ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«ፈጣሪ ከየት ከየት እንደሚሰበስበው ያውቃል፣ ዝናሽ» አሉ መምሬ። «ይልቅ አሁን አይጉደልብሽ።»

መምሬ ራሳቸው ቆፈሩ። ከክብሪት ቀፎ የምታንስ የፕላስቲክ ሣጥን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ወጣች። ሰሙ ደህና ነበር፤ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥርም አልጠፋም። እናቴ ጨርቁን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ናሙናዋን ለሐኪሙ አደረስኩ፤ ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። ምልክቱ ተገኘ።

«ይመለሳል ማለት አይደለም» አለኝ ሐኪሙ። «የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ጨረሩን አሁኑኑ ይጀምር።»

እንደገና ያው መንገድ። ቤት ስደርስ ሊመሽ ሲል ነበር፤ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። አባቴ ቁልቁል ወደ ገብስ ማሳው አመለከተ።

«ከአጨዳ በኋላ» አለ በከንፈሩ።

«አይሆንም አባባ። አሁን ነው የሚጠቅመው።»

«ደክሞኛል።»

እኔ አነበብኩት። እናቴም ሳታነበው አልቀረችም፤ ግን እንዳላየች ሆነች።

«ገብሱን እኔ አሳጭደዋለሁ» አለች። «አንተ ዘንድሮ ቆመህ ሰው ከመጨቅጨቅ ሌላ ምን ልትሠራ ነው?»

አባቴ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ የተሰማው ግን ትንፋሹ ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አውቶቡሱ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው?»

«በአሥራ ሁለት።»

ራሱን በእሺታ ነቀነቀና መደቡ ላይ ጋደም አለ። እናቴ ለመንገዱ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረች። ላግዛት ይገባኝ ነበር፤ ግን ከነጫማዬ ከግርጌው ጋደም አልኩ።