በገመዱ ላይ የተተከለው ሽንኩርት

ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው፣ ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም፣ ማሳው ጭቃ ነው፣ ስለዚህ ከሥራ ቀረ አልባልም፣ ደግሞም ተራዬ ነው፣ አስተማሪ ሲገመገም ከወላጆች አንድ ሰው ኋላ ይቀመጥ የሚል ደንብ አለ፣ የመጨረሻዋ ልጄ እዚሁ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ስለሆነች ወላጅ ነኝ፣ የምትገመገመዋ የአሥራ አንደኛ ክፍል አስተማሪ ደግሞ የመጀመሪያዋ ልጄ። አባቷ ነኝ እኮ አልኩት ርእሰ መምህሩን። ተራ ተራ ነው አባት፣ አባትነት ተራ አያዘልልም፣ አለኝ። ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ለልጅ የተሠራ ነው፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባም ብሎ ወደ ጎን አውጥቼዋለሁ፣ ከጫማዬ ጭቃ ይረግፋል፣ አጠገቤ ገምጋሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጽፋል፣ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ምኑን ነው የሚጽፈው፣ ቀኑን ይሆናል።

አምና አልተሳካላትም። ለእኔ አልነገረችኝም፣ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ነገረችኝ። ተማሪዎቹ አልገባቸውም ተብሎ ተጻፈባት፣ ዘንድሮም ከተደገመ ክፍሉ ይወሰድባታል፣ መዝገብ ቤት ገብታ ፋይል ስታገላብጥ ትውላለች፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምራ። ጠዋት እናቷ ኮቴን እያቀበለችኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ፊትህን አታጨማድድባት፣ አለች። ፊቴ እንዲህ ነው። ሌላ ፊት ከየት አመጣለሁ።

ዛሬ ሃይፐርቦላ ነው የምንስለው፣ ትላለች። ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ጥሩ። ቃሉን አላውቀውም፣ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ኤክስ ስኩዌር ሲካፈል ለዘጠኝ፣ ሲቀነስ ዋይ ስኩዌር ሲካፈል ለአራት፣ እኩል ይሆናል አንድ፣ ይሄ የእኔ መንደር አይደለም፣ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ የታችኛው ቦይ ሞልቶ ይሆናል፣ ደለል ዘግቶት ከሆነ ውሃው ወደ ችግኙ ነው የሚዞረው፣ የዘጠኝ ሥሩ ሦስት፣ ከመሃል ተነሱና ሦስት ወደ ቀኝ፣ ሦስት ወደ ግራ፣ የአራት ሥሩ ሁለት፣ ሁለት ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ ሳጥን ሥሩ፣ አሁን ከማዕዘን ማዕዘን መስመር አስምሩ፣ ቆይ። ይሄንንማ አውቀዋለሁ። የሽንኩርት መደብ ነው። አራት ካስማ፣ ከማዕዘን ማዕዘን ገመድ፣ ሁለቱ ገመዶች እኩል ከመጡ መደቡ አልተንጋደደም፣ ካልመጡ ካስማ ነቅሎ እንደገና። አባቴ ያስተማረኝ፣ እኔም ለእሷ፣ ያስተማርኳትስ እንዴት ልበል፣ ጫፉን ያዢ ብዬ ነበር፣ ሌላ አልጨመርኩም።

ከሳጥኑ ቀኝ ጎን፣ ሦስት ካልነው ቦታ ግራፉ ይነሳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየሰፋ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ በግራም እንደዚሁ፣ መስመሮቹን እየተጠጋ ይሄዳል፣ አይነካቸውም፣ ትላለች። የፊተኛው ረድፍ ላይ ያለው ረጅሙ እጁን አነሳ። ቲቸር፣ መቼ ነው የሚነካው። አይነካም። በጣም ርቆ ቢሄድስ። ይጠጋል እንጂ አይነካም። ታዲያ ምን ያለፋዋል። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አፌን በእጄ ሸፈንኩ፣ እውነቱን ነው እኮ። መጠጋትም ሥራ ነው፣ አለችው፣ ና ውጣና ሳል።

ወጣ። ሳጥኑን ሠራ፣ ልክ ነው፣ መስመሮቹን አሰመረ፣ ልክ ነው፣ ከዚያ ጠመኔውን ጫን አድርጎ በዚያው መስመር ላይ ሄደበት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ መስቀለኛ። ጨረስኩ ቲቸር። ከፊቴ ባለችው ባለ ቀይ ሹራብ ልጅ ደብተርም ላይ መስቀለኛ ነው፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም፣ ከእሱ ቀጥሎም። ገምጋሚው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ በወንበሮቹ መሃል ዞረ፣ ተመለሰ፣ ጻፈ። አሁን የጻፈው ቀን አይደለም።

መስመሮቹ መሪ ናቸው፣ የግራፉ አካል አይደሉም፣ ትላለች። ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እርሳሳቸው ግን ከመስቀለኛው አልተነቀነቀም። ደገመችው። ያው። እጇን በቀሚሷ ጎን ጠረገች። ይሄን አውቀዋለሁ፣ የዚያን ቀንም እንዲሁ ነው የጠረገችው።

ሰባት ዓመቷ ነበር። ካስማ ተክለን፣ ገመድ ወጥረን፣ ችግኙን ትከዪ ብያት ውሃ ልመልስ ወደ ቦዩ ወረድኩ፣ የት እንደሚተከል አልነገርኳትም፣ የሚታይ ነገር ምን ይነገራል። ስመለስ ሽንኩርቱን ሁሉ በገመዱ ላይ ደርድራዋለች፣ ከማዕዘን ማዕዘን፣ ሌላው መደብ ባዶውን። አልተቆጣሁም። አልሳቅሁም። ገመዱን ጠቅልዬ ሄድኩ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ገመዱ ማሳያ ነው ልጄ፣ ገመድ አይዘራም። ይህችን ብል ምን ይጎድለኝ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላልኳትም፣ ተሸክሜያት እዞራለሁ።

እጄ ተነስታለች። ማን እንዳነሳት አላውቅም። አባት፣ ወላጅ የሚቀመጠው ለመታዘብ ነው፣ ይላል ገምጋሚው በዝግታ። አንዲት ጥያቄ ናት፣ አልኩት። ተነሳሁ፣ ወንበሩ አብሮኝ ሊነሳ ነበር። ምን ብዬ ልጥራት፣ አርባ ልጅ እየሰማ አንቺ አልላት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህርት፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ለመሆኑ ገመዱ ይዘራል እንዴ።

ክፍሉ ሁሉ ዞረ። ጠመኔው እጇ ላይ ቆመ። እርስዎ ስላት ፊቷ ቀላ፣ አየችኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም፣ ሳቀች።

አይዘራም አባባ።

ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ፣ አባቴ ናቸው፣ ሽንኩርት ያመርታሉ፣ እኔ በሰባት ዓመቴ የሠራሁትን ልንገራችሁ፣ ብላ ነገረቻቸው፣ ካስማውን፣ ገመዱን፣ እኔ ጠቅልዬ መሄዴን ሳታስቀር። ባለ ቀይ ሹራቧ ወደ እኔ ዞረች። ምንም አላሉም አባባ። አላልኩም። ከቁጣ ይብሳል እኮ። ይብሳል፣ አልኳት፣ ምን እላለሁ፣ ልክ ናት።

በሉ ገመዱን አንሱት፣ ትላለች፣ መስመሮቹን አጥፍታ በነጠብጣብ ሳለቻቸው፣ ሽንኩርቱስ ከየት ይጀምራል። ከሦስት፣ አለ አንዱ። ረጅሙ እንደገና ወጣ፣ ከሦስት ተነሳ፣ ወደ ገመዱ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ገመድ ረገጥክ ይሉታል ከኋላ፣ አልረገጥኩም፣ በደንብ እዩ፣ አልረገጠም። በግራም ደገመው። የቀኙና የግራው እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ቆሙ፣ ሃይፐርቦላ ማለት ይሄ ኖሯል። የባለ ቀይ ሹራቧን ደብተር አንገቴን አስግጌ አየሁ። ጀርባ ለጀርባ። ከእሷ ቀጥሎ ያለውም። አንዱ ብቻ ረግጧል፣ እሱንም ጓደኛው በክርኑ ጎሸም አድርጎ እያስጠፋው ነው።

ገምጋሚው እንደገና ዞረ፣ አሁን ቆየ፣ የጻፈውን ሰረዘ፣ ከሥሩ ጻፈ። ደወሉ ሲደወል ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፣ የወላጅ አስተያየት፣ እዚህ ጋ። ክፍሉስ፣ አልኩት። ክፍሉ የእሷ ነው አባት፣ ማን ይወስድባታል። እስክሪብቶው ለእጄ ቀጠነብኝ፣ ብዙ ልጽፍ አስቤ ነበር፣ አንድ ቃል ወጣኝ፣ ገብቶኛል፣ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ዝናቡ ቆሟል። መጣች፣ ጠመኔ አፍንጫዋ ላይ ሳይቀር ነክቷታል። አባባ፣ ቦዩ አይጠብቅዎትም። ቦዩ ያውቀኛል፣ አልኳት፣ ቀጥሎ ምን አለሽ። ሌላው ክፍል እዚሁ ይመጣል፣ ያው ሃይፐርቦላ። ቦዩን ለከሰዓት አደረግኩት። ጉልበቴን ወደ ጎን አውጥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።