ሙሉሰው የለፈፈው ማስጠንቀቂያ

የ1987 ምርጫ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ኢያቄም ሙሉሰውን ቢሮ አስጠርተው አንድ ወረቀት ሰጡት። ሙሉሰው የቀበሌው ለፋፊ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በመሐንዲስ ጦር ውስጥ ፈንጂ ሲያመክን ኖሮ፣ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቶ ነው የተሰናበተው። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ካለ የሰፈሩ፣ የላፍቶ ሰው ያምነዋል።

ወረቀቱ፣ የሰላም ጠላቶች በትምህርት ቤቱ ምርጫ ጣቢያ ፈንጂ መቅበራቸው ስለተደረሰበት ነዋሪው ወደዚያ እንዳይሄድ ይላል። ሙሉሰው ድምጽ ማጉያውን ይዞ እስከ ቀትር ለፈፈ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፍ ግራ ገባው። ግቢው አልተከለለም። ሁለት ፖሊሶች አጥሩን ተደግፈው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

ተመልሶ አቶ ኢያቄም ዘንድ ገባ።

«ጌታዬ፣ ፈንጂው የት ጋ ነው? ሰው ሊረግጠው ይችላል እኮ።»

«ማን ይረግጠዋል? ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል።»

«የላይኛው ሰፈር ምርጫ ጣቢያስ?»

«እዚያ ምንም የለም።» ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አዩት። «ሙሉሰው፣ ልጆች አሉህ። ሥራህን ሥራ።»

በትምህርት ቤቱ ጣቢያ የሚመርጡት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የግል ተወዳዳሪዋን መምህርት ሸዋረገድን እንደሚመርጡ ሁሉም ያውቃል። ማስጠንቀቂያው እነሱን ከምርጫው ለማስቀረት እንደሆነ ሙሉሰው ያን ጊዜ ገባው።

እሑድ፣ በምርጫው ቀን ጠዋት፣ ቀጭን የብረት ዘንግና ድምጽ ማጉያውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ከበሩ ውጭ ሸዋረገድና አምስት ሰዎች ብቻ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እውነት ፈንጂ አለ?» አለችው።

«የለም ብዬ አስባለሁ። ግን አላየሁም። ራቅ በሉ።»

ተንበርክኮ ከበሩ ጀምሮ መሬቱን በዘንጉ እየወጋ ገባ። አንደኛው ፖሊስ «ማን ፈቀደልህ?» አለው።

«ፈንጂ ቢኖር አንተስ እዚህ ትቆም ነበር?»

ፖሊሱ ከመንገዱ ዞር አለለት።

ከባሕር ዛፉ ሥር አፈሩ ላላ ብሏል። ዘንጉ ብረት ነካ። ሙሉሰው ሰዎቹን ወደ ኋላ መለሰና በሆዱ ተኛ። አፈሩን በጣቶቹ ጠረገ። የወጣው የዛገ የቲማቲም ጣሳ ነበር። ሆኖም አላቆመም፤ እስከ መምረጫው ክፍል ደጃፍ ድረስ ፈተሸ።

ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ድምጽ ማጉያውን አነሳ።

«ትናንት ፈንጂ አለ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አሁን ራሴ ፈትሼዋለሁ፤ የለም። ሳላጣራ በመልፈፌ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

መጀመሪያ የገባችው ባለ ሱቋ ሀኒፋ ነበረች። ሌሎችም ሁለት ሦስት እየሆኑ መጡ። ሙሉሰው ግን ብዙ አልቆየም፤ ፖሊሶቹ ሕዝብ አውከሃል ብለው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ሲፈታ ከሥራው ተባርሯል። ሸዋረገድም በጥቂት ድምፅ ተሸንፋለች፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምተው ዘመድ ቤት የሄዱት አልተመለሱም ነበር። በዚያው ዕለት ሸዋረገድ ቤቱ መጣች። ሙሉሰው ፊቷን ማየት አቃተው።

«ለምርጫ ቦርድ አቤቱታ ላስገባ ነው» አለች። «በጽሑፍ የሚመሰክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ወረቀት ዘረጋችለት።

የሙሉሰው ባለቤት ተነስታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የቅዳሜውን ልፈፋ ነው ወይስ የእሑዱን ፍተሻ የምጽፈው?» አለ ሙሉሰው።

«ሁለቱንም» አለች ሸዋረገድ።

ወረቀቱን ተቀብሎ ከቅዳሜው ጀመረ።